የጅማ ወንበር በ1200ዲ፦ የካሜራ ካሊብሬሽን ማስታወሻ

ሥራው

አንድ አናጢ ወዳጄ ሲኤንሲ ራውተር፣ ማለትም በኮምፒውተር የሚመራ እንጨት መቅረጫ ማሽን አለው። አሮጌ የጅማ ወንበር ይዞ መጣና «ይሄን አስመስዬ መሥራት እፈልጋለሁ፣ ግን መደገፊያውን በሜትር ልለካው ብል እምቢ አለኝ» አለኝ። ከአንድ ግንድ የተጠረበ ባለ ሦስት እግር ወንበር ነው። ቀጥ ያለ መስመር የሚባል ነገር የለውም። ሌዘር ስካነር ለመከራየት የተጠየቀው ዋጋ ብዙ ወንበር ይገዛል። ስለዚህ በፎቶግራሜትሪ ልሞክረው፣ ማለትም ዙሪያውን ብዙ ፎቶ አንስቶ ሞዴሉን ከፎቶዎቹ ማስላት። ወዳጄ የሚፈልገው ግማሽ ሚሊ ሜትር ነው።

ካሜራው ካኖን 1200ዲ ነው። 18 ሜጋፒክስል፣ ፎቶው 5184 በ3456፣ ሴንሰሩ 22.3 በ14.9 ሚሊ ሜትር። ሲካፈል አንድ ፒክስል 4.3 ማይክሮን ይሆናል። በ50 ሚሊ ሜትር ሌንስ፣ ከ1 ሜትር ርቀት፣ አንድ ፒክስል ዕቃው ላይ 0.09 ሚሊ ሜትር ገደማ ይሸፍናል። ስሌቱን ብቻ ላየ ሰው ግማሽ ሚሊ ሜትር ቀላል ይመስላል።

ነገር ግን ይህ ካሜራ ለመለኪያ አልተሠራም። ሌንሱ ቀጥ ያለውን መስመር ትንሽ ያጎብጣል፣ መሃሉ ከሴንሰሩ መሃል ጋር አይገጥምም፣ ላዩ ላይ የተጻፈው 50ም በሥራ ሰዓት 50 አይደለም። እነዚህን በቁጥር ማወቅ ነው ካሊብሬሽን የሚባለው። አብዛኛው ሶፍትዌር የሚጠቀመው ዱዌን ብራውን በ1966 እና በ1971 ባወጣቸው ሥራዎች የታወቀውን ቀመር ነው። ከመሃል ወደ ዳር እየጨመረ ለሚሄደው መጣመም ኬ1፣ ኬ2፣ ኬ3፤ የሌንሱ መስታወቶች በአንድ መስመር በትክክል ባለመሰለፋቸው ለሚመጣው ደግሞ ፒ1 እና ፒ2።

ደረጃ 1፦ ኪት ሌንሱን ማሰናበት

መጀመሪያ ከካሜራው ጋር የመጣውን ባለ 18–55 ሚሊ ሜትር ዙም ሌንስ (ኪት ሌንሱን) ሞከርኩ። 35 ላይ አቆምኩትና ቀለበቱን በፕላስተር አሰርኩት። ቁጥሮቹ ደህና ነበሩ። ከዚያ ካሜራውን ወደ መሬት አቀርቅሬ ጥቂት ፎቶ አነሳሁና ካሊብሬሽኑን ደገምኩት። የፎካል ርቀቱ 1 በመቶ ያህል ሄዷል። ፋይሉ ውስጥ ያለው መረጃ ግን አሁንም «35» ነው የሚለው። የዙም ሌንስ ለካሜራው የሚነግረው ቁጥር የተጠጋጋ ስለሆነ ትንሽ መንሸራተት አይታይበትም።

በዚያ ላይ የምስል ማረጋጊያው አለ። ማረጋጊያ ማለት በሌንሱ ውስጥ ያለ አንድ ክፍል ወዲያና ወዲህ ሲንሸራተት ነው፣ እሱ በተንሸራተተ ቁጥር የምስሉ መሃል ይዛወራል። ማጥፊያውን ብታጠፉትም ሁልጊዜ እዚያው ቦታ ላይ ያርፋል ብሎ የሚምል የለም። ኪት ሌንሱ እዚህ ላይ በቃው።

ስልክም አይቻለሁ። ፎከሱ በየፎቶው ይቀየራል፣ ማረጋጊያው አይጠፋም፣ ጀፔጉም መጣመሙ በስልኩ ውስጥ ተስተካክሎ ነው የሚወጣው። ለጌጥ ሞዴል ይሆናል። ለዚህ ሥራ ግን አለፍኩት።

ደረጃ 2፦ ባለ 50ው እና ሴቲንጎቹ

ከጓደኛ የተዋስኩት ካኖን 50 ሚሊ ሜትር ኤፍ 1.8 ነው፣ ሁለተኛው ስሪት። ርካሽ ፕላስቲክ፣ ሲነኩት ይንገጫገጫል (ይሄ ጣጣ በኋላ ይመጣል)፣ ግን ዙም የለው፣ ማረጋጊያ የለው። ለእኛ ይሄ ጥሩ ነው።

አሠራሩ እንዲህ ሆነ። ፎከሱ ማኑዋል፣ 1 ሜትር ላይ ተስተካክሎ ቀለበቱ በፕላስተር የታሰረ። አይኤስኦ 100። ፎቶ በሮው፣ ማለትም ካሜራው ባላስተካከለው ጥሬ ፋይል። ካሜራው ፎቶን በራሱ የሚያዞርበት ሴቲንግ ጠፍቷል። ትሪፖድ ላይ፣ በ2 ሰከንድ ታይመር። ከዚህ በኋላ ፎከሱን የነካ ሰው ካሊብሬሽኑን እንደጣለው ይቁጠር፣ ምክንያቱም የሚለካው ካሜራው ብቻ ሳይሆን ካሜራው፣ ሌንሱና ፎከሱ አንድ ላይ ናቸው።

አፐርቸሩ ላይ፣ ማለትም ብርሃን በሚገባበት የሌንሱ ቀዳዳ መጠን ላይ፣ ትንሽ ተቸገርኩ። ኤፍ 8 ላይ፣ በ1 ሜትር፣ ጥርት ብሎ የሚታየው ጥልቀት 12 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው። ወንበሩ ከዚያ ይበልጣል። ኤፍ 16 ላይ 24 ሳንቲ ሜትር ይደርሳል፣ ግን ቀዳዳው ሲጠብ ብርሃኑ ራሱ ይበተናል። የአንዲት ነጥብ ምስል ወደ 21 ማይክሮን ይሰፋል፣ 5 ፒክስል ማለት ነው። መሃል ላይ ያለውን ኤፍ 11 ያዝኩ። ጥልቀቱ 17 ሳንቲ ሜትር አካባቢ፣ ብዥታው 3 ፒክስል ተኩል። ሁለቱንም ያጎድላል፣ ግን ሁለቱም ይቻላሉ።

ደረጃ 3፦ ሰሌዳው

ከሁሉም በላይ ጊዜ የበላው ይሄ ነው፣ እና ማንም በደንብ የማይናገረውም ይሄ ነው።

የተለመደው ዘዴ ቼዝ የመሰለ ጥቁርና ነጭ ሰሌዳ አትሞ ከተለያየ አቅጣጫ ፎቶ ማንሳት ነው። ዜንግዮ ዣንግ በ2000 ያወጣው ዘዴ ነው፣ ኦፕንሲቪ በሚባለው ነፃ የምስል ማስኬጃ ሶፍትዌር ውስጥ ተዘጋጅቶ ይገኛል። ሰሌዳው ጠፍጣፋ ነው፣ ካሬዎቹም መጠናቸው ይታወቃል ብሎ ይነሳል። ሁለቱም እውነት መሆን አለባቸው።

በኤ3 ወረቀት፣ በሌዘር ፕሪንተር የታተመው የመጀመሪያው ሰሌዳ በካርቶን ላይ ተለጠፈ። 300 ሚሊ ሜትር መሆን የነበረበት 298.8 ሆኖ ተገኘ፣ በሌላው አቅጣጫ 210 የሚባለው ደግሞ 210.1። ፕሪንተሩ ወረቀቱን በሚስብበትና በሚያቋርጠው አቅጣጫ እኩል አያትምም፣ ሙቀቱም ወረቀቱን ያኮማትረዋል። ሙጫው ሲደርቅ ደግሞ ካርቶኑ ጎበጠ። የብረት ማስመሪያ አስጠግቼ ከኋላ በባትሪ ሳበራ መሃል ላይ 2 ሚሊ ሜትር ያህል ብርሃን ያልፋል። ወደ ኮምፔንሳቶ አዛወርኩት። ከካርቶኑ ተሻለ፣ ግን ኮምፔንሳቶም የራሱ ሐሳብ አለው፣ በተለይ ዝናብ ሲመጣ።

መጨረሻ ላይ መስታወት። መርካቶ መስታወት ቤት ሄጄ 45 በ32 ሳንቲ ሜትር፣ 6 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው አስቆረጥኩ። ቆራጩ «ለጠረጴዛ ነው?» ሲለኝ «ለካሜራ ነው ጋሼ» አልኩት፣ ቀና ብሎ አየኝና ጠርዙን ሳይጨምርብኝ ሞረደልኝ። 650 ብር። ንድፉን በማት ስቲከር ማተሚያ ቤት አሳተምኩት፣ 400 ብር። የሚያብረቀርቀው ስቲከር የመስኮቱን ብርሃን መልሶ ካሬዎቹን ያጠፋቸዋል፣ ስለዚህ ማት መሆኑ ግድ ነው። የሳሙና ውሃ ረጭቶ ከመሃል ወደ ዳር በካርድ መግፋት፣ አለበለዚያ አየር ይይዛል።

ንድፉን ከተራ ቼዝ ወደ ቻሩኮ ቀየርኩት። በነጮቹ ካሬዎች ውስጥ ትንንሽ ኮድ አለባቸው፣ ስለዚህ ሰሌዳው በከፊል ከፎቶው ቢወጣም የትኛው ጥግ የትኛው እንደሆነ ሶፍትዌሩ ያውቃል። ጥቅሙ የፎቶው አራት ዳርና ዳር ላይ ነጥብ ማግኘት መቻሉ ነው። መጣመም በብዛት ያለው እዚያ ነው፣ በተራ ቼዝ ደግሞ ባዶ የሚቀረውም እዚያው ነው።

ስቲከሩም ልክ አልነበረም። 400 የተባለው 400.9 ነው። ግን ጠፍጣፋ እስከሆነ ድረስ ስህተቱ ከታወቀ አይጎዳም። ኮዱ ውስጥ የነጥቦቹን ቦታ በስፋትና በቁመት ለየብቻ፣ በተለካው ልክ አባዛኋቸው።

ደረጃ 4፦ የመጀመሪያዎቹ ቁጥሮች

ሰሌዳው ግድግዳ ላይ ተደግፎ ካሜራው ዞረው። ኮዴ መጀመሪያ ላይ የምስሎቹ መጠን አይመሳሰልም ብሎ አልሄድ አለ። ካሜራውን 90 ዲግሪ አጋድሜ ያነሳኋቸው ፎቶዎች 3456 በ5184 ሆነው ተከፍተዋል። ሮውን ወደ ጀፔግ የቀየርኩበት ፕሮግራም የአቅጣጫ ምልክት ጨምሮባቸዋል፣ ኦፕንሲቪም ምስል ሲከፍት ያንን ምልክት አይቶ በራሱ ያዞራል። ለማየት ጥሩ ነው፣ ለካሊብሬሽን ግን መርዝ ነው፤ ሴንሰሩ አልዞረም እኮ። ምስሉን ሲከፍት ምልክቱን ችላ እንዲል የሚያደርግ አማራጭ አለ፣ እሱን አስገባሁ። የካሬ ቅርጽ ያለው ሴንሰር ቢሆን ኖሮ መጠኑ ስለሚመሳሰል ምንም ሳይናገር የተሳሳተ ውጤት ይሰጥ ነበር።

ከዚያ ሄደ። ሪፕሮጀክሽን ኤረር 0.31 ፒክስል። ይሄ ቁጥር የተሰላው ካሜራ «ጥጉ እዚህ ጋ መሆን አለበት» በሚለውና በፎቶው ላይ በተገኘው መካከል ያለው ልዩነት ነው። ሰው ሁሉ እሱን አይቶ ሥራውን ይዘጋል።

ዋናው ርቀት፣ ማለትም ሌንሱ ከሴንሰሩ የሚርቅበት ልክ፣ 12,250 ፒክስል ገደማ መጣ፣ 52.7 ሚሊ ሜትር። ሌንሱ ላይ 50 ተጽፏል። ይሄ ስህተት አይደለም። 50 ማለት ፎከሱ ወሰን የሌለው ርቀት ላይ ሲሆን ነው። በ1 ሜትር ላይ ለማየት ይሄ ሌንስ መስታወቶቹን ወደ ፊት ይገፋል፣ በሌንስ ቀመር ብታሰሉት 52.8 አካባቢ ይደርሳል። ቁጥሩ ከፊዚክሱ ጋር በመግጠሙ ደስ አለኝ።

ደስታው ኬ3 ላይ ሲደርስ ቆመ። 38 ወጣ። ስታንዳርድ ዲቪዬሽኑን፣ ማለትም ቁጥሩ ምን ያህል ሊዋዥቅ እንደሚችል፣ የሚያወጣውን ፈንክሽን ስጠይቀው 61 አለኝ። 38፣ ሲደመር ሲቀነስ 61። ምንም አያውቅም ማለት ነው። ምክንያቱ ሲታሰብ ግልጽ ነው። በዚህ ሌንስ ከመሃል እስከ ፎቶው ጥግ ያለው ርቀት በዋናው ርቀት ሲካፈል 0.25 አካባቢ ነው፣ ኬ3 የሚባዛው ደግሞ በዚህ ቁጥር ስድስተኛ ኃይል፣ በ0.00027 ነው። ስለዚህ ኬ3 የፈለገውን ቢሆን ፎቶው ላይ ብዙ አይታይም፣ ኬ2 በተቃራኒው ሄዶ ያካክሰዋል። ሁለቱ እየተጎታተቱ ኤረሩን ትንሽ ያሳምሩታል። ኬ3ን ዜሮ ላይ አሰርኩት። ኤረሩ ከ0.31 ወደ 0.32 ሄደ። ኬ2 ግን ሰው ሆነ።

ደረጃ 5፦ እውነተኛው ፈተና

0.3 ፒክስል ሰሌዳው ከራሱ ጋር መስማማቱን ብቻ ነው የሚናገረው። ስለዚህ ከሰሌዳው ውጭ የሆነ መለኪያ ያስፈልጋል።

ከብረታ ብረት ቤት የላሜራ ቁራጭ አገኘሁ፣ በነፃ። ሁለት ዘንግ ተቆረጠ፣ በእያንዳንዱ ጫፍና ጫፍ ላይ አንድ አንድ ቀዳዳ ተበሳ፣ ማት ነጭ ቀለም ተረጨ (ቀለሙ 350 ብር፣ ግማሹ በረንዳው ላይ ቀርቷል)፣ ከዚያ ጥቁር በተቀባ ኮምፔንሳቶ ላይ በብሎን ታሰሩ። ከቀዳዳ መሃል እስከ ቀዳዳ መሃል ለመለካት መሃሉን መገመት አያስፈልግም። በካሊፐር ከውጭ ጠርዝ እስከ ውጭ ጠርዝ፣ ከዚያ ከውስጥ እስከ ውስጥ፣ ሁለቱን ደምሮ ለሁለት ማካፈል። ባለ 600 ሚሊ ሜትር ካሊፐር እዚያው ቤት ነበራቸው። አንዱ 399.6፣ ሌላው 400.2።

በአንደኛው ዘንግ የሞዴሉን መጠን ትወስናላችሁ፣ ሁለተኛውን አትነግሩትም። ከዚያ ሁለተኛው ስንት እንደወጣ ታያላችሁ።

401.3 ወጣ። ከ1 ሚሊ ሜትር በላይ ስህተት፣ 0.3 ፒክስል ብሎ በሚኩራራ ካሊብሬሽን።

ምን እንደሆነ ለማየት የሰሌዳውን መስታወት መሬት ላይ አጋድሜ ከላይ በመደዳ ፎቶ አንስቼ ሞዴሉን አወጣሁ። ጠፍጣፋው መስታወት እንደ አክንባሎ ጎብጦ ወጣ፣ መሃሉ ከዳሩ 1.4 ሚሊ ሜትር ከፍ ብሎ። ይሄ የታወቀ በሽታ ነው። ጄምስ እና ሮብሰን በ2014 በድሮን ካርታዎች ላይ አሳይተውታል፤ ፎቶዎቹ ሁሉ ወደ አንድ አቅጣጫ ትይዩ ሆነው ሲነሱ ትንሽ የኬ1 ስህተት መሬቱን ሁሉ ወደ ጉብታ ይቀይረዋል። ፎቶዎቹ እርስ በርሳቸው ስለሚስማሙ ሶፍትዌሩ ምንም ቅር አይለውም።

የካሊብሬሽን ፎቶዎቼን ቁጭ ብዬ ዘረዘርኳቸው። አብዛኞቹ ሰሌዳውን ፊት ለፊት የሚያዩ ናቸው። ጠፍጣፋ ነገር ፊት ለፊት ሲታይ ካሜራው ትንሽ ቢርቅና ዋናው ርቀት ትንሽ ቢረዝም ፎቶው ያው ነው። ሁለቱ አይለዩም። መለየት የሚጀምሩት ሰሌዳው ሲጋደም ነው፣ የቅርቡ ጎን ትልቅ፣ የሩቁ ትንሽ ሆኖ ሲታይ።

አዲሱ ዙር እንዲህ ተነሳ፦ ከቀኝ፣ ከግራ፣ ከላይ፣ ከታች፣ ወደ 45 ዲግሪ እያዘነበልኩ፤ በየቦታው አንዴ ካሜራው በአግድም፣ አንዴ በቁም። ካሜራውን በአግድምና በቁም መቀያየሩ የምስሉን መሃል ከፒ1 እና ፒ2 ለመለየት ነው፣ ካለዚያ እነሱም ይደባለቃሉ። ዳርና ዳሩም በነጥብ እንዲሞላ አደረግኩ። መሃል ላይ መብራት ሄደና የቀረው በመስኮት ብርሃን ተነሳ፤ ትሪፖድ ስላለ ግማሽ ሰከንድም ቢሆን ችግር የለውም።

ኤረሩ 0.38 ሆነ። ከድሮው ባሰ! ሁለተኛው ዘንግ ግን 400.5 መጣ፣ ጉብታውም ከ0.3 በታች ወረደ። ፎቶዎቹን ለሁለት ከፍዬ ለየብቻ ሳሰላ ዋናው ርቀት በሁለቱም ዘንድ በ6 ፒክስል ልዩነት ውስጥ ነው። በፊት ልዩነቱ ከ100 በላይ ነበር።

ደረጃ 6፦ የሚንገጫገጨው ሌንስ

የቀረውን 0.3 ስፈልግ የአግድሞቹንና የቁሞቹን ፎቶዎች ለየብቻ ካሊብሬት አደረግኩ። የምስሉ መሃል በሁለቱ መካከል 8 ፒክስል ይለያያል። በሚሊ ሜትር 0.034። የሌንሱ የፊት ክፍል በክብደቱ ትንሽ ወደ ታች ይወርዳል፣ ካሜራው ሲጋደም ደግሞ «ታች» ወደ ሌላ ጎን ይሄዳል።

ሁለት ነገር ተደረገ። ፕላስተሩ በአንድ ቦታ የነበረው በሦስት ቦታ ሆነ፣ የፊቱን ክፍል ከቋሚው ጋር አጥብቆ። ልዩነቱ ወደ 3 ፒክስል ወረደ። ሁለተኛው፣ የአግድሞቹና የቁሞቹ ፎቶዎች በሁለት ፎልደር ተለይተው እንደ ሁለት ካሜራ ተቆጠሩ። ከፎቶዎቹ ሞዴሉን የሚያሰላው ሶፍትዌር፣ ኮልማፕ፣ ላይ ለእያንዳንዱ ፎልደር አንድ ካሜራ የሚል አማራጭ አለ። ሶፍትዌሩ በራሱ የሚመርጠው ቀላሉ ሞዴል አንድ የመጣመም ቁጥር ብቻ ስላለው «ኦፕንሲቪ» የሚለውን መምረጥ ያስፈልጋል፣ ኬ1፣ ኬ2፣ ፒ1፣ ፒ2 የያዘውን።

ዘንጉ 400.3።

ደረጃ 7፦ ወንበሩ

ወንበሩን ወደ ቤት አስመጣሁት እንጂ ካሜራውን ይዤ ወርክሾፑ አልሄድኩም፣ ታክሲ ውስጥ ሲንጓጓ ሌንሱ ምን እንደሚሆን ማን ያውቃል። ወንበሩ በዘመናት መቀመጫ ያብለጨለጨ ስለሆነ ነፀብራቁ ሶፍትዌሩን ያደናግረዋል። ባለቤቱ ከፈቀደ በኋላ የሕፃን ፓውደር በካልሲ ቋጥሬ ነፋሁበት፣ በኋላ በደረቅ ብሩሽ ይለቃል። ወንበሩ አይነካም፣ የሚዞረው ካሜራው ነው። ሁለቱም ዘንጎች አጠገቡ፣ አንዱ በፊት አንዱ በኋላ። ስጨርስ ወዲያው ሰሌዳውን ደግሜ አነሳሁ፣ በመካከል የተንሸራተተ ነገር ካለ እንዲታወቅ። አልነበረም።

የእግሮቹን ውፍረትና የመቀመጫውን ጠርዝ በካሊፐር ለካሁና ከሞዴሉ ጋር አስተያየሁ። ልዩነቱ ከ0.1 እስከ 0.3 ሚሊ ሜትር፣ ከሥር በኩል ብርሃን ባልደረሰበት አንድ ቦታ 0.6። እሱ ቦታ ለማንም አይታይም።

ፋይሉን ላክሁለት። ማታ ደወለ። «አሪፍ ነው፣ ግን ደንበኛዬ ሶፋው ከፍ ያለ ነው አለኝ፣ ትንሽ አሳድገህ ብትልክልኝስ? 8 በመቶ ቢሆን?» ሞዴሉን በ1.08 አባዝቼ መልሼ ላክሁለት።